«መርህ» እና «በመርህ ደረጃ»፦ የአንድ ቃል ታሪክ ከኡም ሐጀር እስከ ሽንፋ

በሕግና በአስተዳደር ሰነዶች ውስጥ «መርህ» እንደሚባለው አዘውትሮ የሚጠራ፣ ያንኑ ያህልም ሳይመረመር የሚታለፍ ቃል ጥቂት ነው። ሁለት መንግሥታት ተደራድረው ሲለያዩ «በመርህ ደረጃ ተስማምተናል» ይላሉ። አንዱ ይህን ሲናገር ነገሩ አለቀ ማለቱ ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ ነገሩ ገና ሊጀመር ነው ማለቱ ይሆናል። ሁለቱም ዋሹ አይባልም፤ ቃሉ ለሁለቱም ይመቻልና። የቃሉ ስፋት ለተናጋሪዎቹ እፎይታ ቢሰጥም ዋጋውን የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ በድርድሩ ያልተቀመጠ ሦስተኛ ሰው ነው። ይህን ለማየት በመዝገበ ቃላት ከመከራከር ይልቅ ቃሉ ብዙ ሥራ የሠራበትን አንድ ምድር መመልከት ይሻላል።

ያ ምድር ከተከዜ ማዶ ጀምሮ በመተማ በኩል ወደ ዓባይ የሚወርደው የምዕራብ ጎንደር ቆላ ነው። ሽንፋ ከነዋሪዎቿ ጋር በዚህ ቆላ ውስጥ፣ በመተማ ወረዳ ትገኛለች። ስሟን ከወንዟ ጋር ትጋራለች፤ ወንዙ ከጣና ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ በክረምት ሞልቶ ይወርዳል፣ በበጋ ውኃው ተቆራርጦ በየኩሬው ይቀራል። ድንበሩን ሲሻገር ራሃድ ይባልና በሱዳን ምድር ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በዚህ አገር ሁለት ስም መያዝ የተለመደ ነው። ተከዜ ወደ ታች ሲወርድ ሰቲት፣ ጓንግ ደግሞ አትባራ ነው። መተማም በስተምዕራብ ካለችው ገላባት የምትለየው በአንድ ደረቅ ፈፋ ብቻ ሲሆን፣ በቀድሞ ዘመን የተጻፉ የውጭ ሰዎች መጻሕፍት ሁለቱን በአንድ ስም ይጠሯቸው ነበር። ለዚህ ቆላ ሕዝብ ሁለት ስም ችግር አልነበረም። ችግር የሆነው አንድ ስም ሁለት ነገር ማለት ሲጀምር ነው።

ስለ ቃሉ ራሱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «መርህ» ከግእዙ «መርሐ» የተገኘ ነው፤ ትርጉሙም መራ፣ ፊት ፊት ሄዶ መንገድ አሳየ ማለት ነው። መሪ፣ መመሪያ፣ መርሐ ግብር የሚሉት ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ከዚሁ ቤት ግን ለሕግ ሰው ይበልጥ የሚጠቅም አንድ ዘመድ አለ፤ እርሱም «ምሪት» ነው። ሹሙ ወይም የአገር ሽማግሌው ፊት ፊት እየሄደ «ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ድንጋይ ያንተ ነው» ብሎ ሲያሳይ መሬት መራ ይባላል፤ ሰውየውም ቦታ ተመራ ይባላል። እንግዲህ በአማርኛው ሥር ያለው ነገር ረቂቅ ሐሳብ ሳይሆን በእግር የሚኬድ፣ በጣት የሚታይ ነገር ነው። የላቲኑ «ፕሪንኪፒዩም» ግን መጀመሪያ፣ መነሻ ማለት ነው። አንደኛው ወዴት እንደሚኬድ ያሳያል፣ ሁለተኛው ከየት እንደተነሣ ይናገራል። ሁለቱን ቃላት አቻ አድርጎ መተርጎም ግድ ሆነና ዛሬ አንድ ሆነው ይነበባሉ።

ሆኖም ይህ አቻነት የቆየ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳይኛ የተረቀቀው በፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ቁጥር አንሥቶ ብዙ አንቀጾች «ፕሪንሲፕ» የሚል ርእስ አላቸው። የአማርኛው ቅጂ ይህን ሲገልጽ «መሠረቱ» ይላል። በዚህ አነጋገር «ፕሪንሲፕ» ማለት ጠቅላላው ደንብ ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው አንቀጽ ልዩ ሁኔታውን ሊያመጣ እንደሚችል አንባቢው ያውቃል። ፈረንሳዊ የሕግ ሰው «አን ፕሪንሲፕ» ሲል «እንደ ደንቡ ከሆነ» ማለቱ ነው፤ እንግሊዛዊ ዲፕሎማት «ኢን ፕሪንሲፕል» ሲል ግን ብዙ ጊዜ «ነገሩን ተቀብያለሁ፣ ዝርዝሩ ይቀራል» ማለቱ ነው። አማርኛው «በመርህ ደረጃ» እያለ ሁለቱንም በአንድ ከረጢት ከተተ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የፖለቲካው ጽሑፍ ሲበዛ «መርህ» ሌላም ሸክም ተጨመረበት፤ የአቋም ጽናት፣ የማይነካ እምነት ማለትም ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ምዕራፍ ሁለትን መሠረታዊ መርሆዎች፣ ምዕራፍ አሥርን የብሔራዊ ፖሊሲ መርሆዎችና ዓላማዎች ሲል የመጀመሪያው አስገዳጅ መሠረት፣ ሁለተኛው መንግሥትን የሚመራ አቅጣጫ መሆኑን ለመለየት ከርእሱ በላይ ማንበብ ያስፈልጋል።

ወደ መተማ እንመለስ። በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት መካከል መተማን የያዙት ተክሩሮች ነበሩ፤ ከምዕራብ ሱዳን በኩል ለሐጅ ጉዞ መጥተው በዚያው የቀሩ ሕዝቦች ናቸው። ገበያው ትልቅ ነበር፤ ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ በቅሎ፣ በአሳዛኝ ሁኔታም ባሪያ ይወርድበት ነበር፣ ከቆላው ጥጥና የውጭ ሸቀጥ ይወጣበት ነበር። የተክሩሮች ሼኽ ለግብፅ መንግሥትም ለኢትዮጵያ ገዥም ግብር ይከፍል ነበር። ይህን ዘመናዊ የሕግ ተማሪ ቢያነበው መርህ የሌለው አኗኗር ሊለው ይችላል። ነገር ግን ሥርዐት ነበረው፤ ወሰኑ መስመር አልነበረም እንጂ ግብር ነበር፣ የመንገድ ደኅንነት ነበር፣ የገበያ ሰላም ነበር። በሁለት ጌቶች መካከል ያለ ሕዝብ ለሁለቱም የሚገባቸውን ሰጥቶ በመካከል ሲነግድ ኖረ።

ይህን ሥርዐት ያፈረሰው ጦርነት ሲሆን፣ ከጦርነቱ መነሻዎች አንዱ በቃል መጽናት ነበረ። ግንቦት 1876 ዓ.ም. በዐድዋ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ጋር ውል ተዋዋሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በማሕዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ሊረዱ፣ በልዋጩም በምጽዋ በኩል የሚያልፈው ዕቃቸው በእንግሊዝ ጥበቃ ከቀረጥ ነጻ ሊሆን ነበር። በ1877 ዓ.ም. የገላባት ጦር በኢትዮጵያ ኀይል እርዳታ ተከፍቶለት ወጣ። በዚያው ዓመት ጥር ወር ላይ ግን ጣሊያን እንግሊዝ እያየች ምጽዋን ያዘች። ዐፄ ዮሐንስ ቃላቸውን በመፈጸማቸው ያተረፉት የማሕዲስቶችን ጠላትነት ሆነ። በ1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን ወጉ፤ በ1880 ዓ.ም. አቡ አንጃ ጎንደርን አቃጠለ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመተማ ጦር ሜዳ ቆስለው ሞቱ።

በዚያ ዘመን የነበረ ጸሓፊ ዐፄ ዮሐንስ ያደረጉትን ሲገልጽ «መርህ» አይልም ነበር። ቃል፣ መሐላ፣ ኪዳን ይላል። ዛሬ «የመርህ ሰው» የሚባለው ያኔ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነበር፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። ቃል የሚሰጠው ለሰው ነው፤ ስለዚህም የተሰጠው ሰው ይጠይቃል፣ ይወቅሳል። መርህ ግን ባለቤቱ ራሱ ተናጋሪው ሊሆን ይችላል። እንግሊዞች በሂዌት ውል ላይ የፈጸሙትን በመርሆ ሳይሆን በቃል ሚዛን የመዘነ ኢትዮጵያዊ ሌላ ማብራሪያ አልፈለገም።

ዐፄ ምኒልክ የወሰኑን ነገር ሲይዙ የቃልን አደጋ በሚገባ ያውቁ ነበር። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ ዐድዋ ድረስ አድርሷል። በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ የኢትዮጵያን የጥንት ወሰን እስከ ካርቱምና እስከ ኒያንዛ ሐይቅ ድረስ መልሰው ሊያቀኑ እንደሚፈልጉ አስታውቀው ነበር። ይህ መርህ በላቲኑ ትርጉም ነው፤ መነሻን፣ ጥንትን የሚናገር ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ከእንግሊዙ ወኪል ከሃሪንግተን ጋር በአዲስ አበባ የፈረሙት ውል ግን መነሻን ትቶ መስመርን ያዘ። መስመሩ ከኮር ኡም ሐጀር ወደ ገላባት፣ ከዚያም ወደ ዓባይ፣ ወደ ባሮ፣ ፒቦርና አኮቦ ይወርዳል፤ በካርታ ላይ በቀይ ቀለም ተሰምሯል። አማርኛውም እንግሊዝኛውም እኩል የታመኑ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ስለ ዓባይ ውኃ በሚናገረው 3ኛው አንቀጽ እንግሊዝኛው የውኃውን ፍሰት የሚገታ ሥራ ሲል፣ አማርኛው ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ስለመድፈን ይናገራል፤ ሁለቱ ምን ያህል እንደሚራራቁ የኢትዮጵያ የሕግ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲያስረዱ ኖረዋል።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚበልጠው ግን 2ኛው አንቀጽ ነው። በካርታ ላይ ያለው መስመር በምድር ላይ የሚሠመረውና ምልክት የሚደረግበት ሁለቱ መንግሥታት በሚሾሙት የጋራ ኮሚሽን እንዲሆን፣ ከዚያም ሁለቱ ለሕዝቦቻቸው እንዲያስታውቁ ይደነግጋል። ይህ በአማርኛው ሥር ትርጉም እውነተኛ መርህ ነው፤ ሁለት ሰዎች አብረው ሄደው፣ ዛፉንና ድንጋዩን አብረው አይተው የሚያጸኑት ምሪት ነው። በ1895 ዓ.ም. የሆነው ግን ሌላ ነው። የእንግሊዙ ሜጀር ቻርልስ ግዊን የኢትዮጵያ ወኪሎች ሳይኖሩ ወርዶ ወሰኑን ሠመረ፣ ምልክት አቆመ። ግዊን ችሎታ ያለው ቀያሽ ነበር፤ የቀያሽ ሥራም የራሱ መርህ አለው። በካርታ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር ምድር ላይ ሲወርድ ኮረብታና ፈፋ መያዝ፣ ከሩቅ የሚታይ ነገር መፈለግ አለበት። ይህ በሙያው ትክክል ነው። ነገር ግን የትኛው ኮረብታ ይሻላል የሚለው ጥያቄ የቀያሽ ብቻ አይደለም፤ ከኮረብታው ሥር የሚያርስ ሰው ካለ የዳኛም ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ዐይን የጎደለው እዚህ ላይ ነው። የመቶ ሃያ ዓመት ክርክር ምንጭ አንድ ቀያሽ የሠራው ስሕተት ነው ብሎ መደምደም ያስቸግራል፤ ይልቁንም መሪው ብቻውን ሄዶ ተመሪው ያላየው ምሪት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ምእት ዓመት በፍጥነት ሊታለፍ ይችላል። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ጣሊያን ከመተማ ተነሥታ ገላባትን ያዘች፤ በጥቅምት 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ስሊም የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ገላባትን ሲያስለቅቅ መተማን ግን መያዝ አልቻለም። ከጦርነቱ በኋላ ወሰኑ በወረቀት ላይ እንደነበረ ቆየ። ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። ያን ጊዜም አራተኛው የመርህ ትርጉም ወደ መድረኩ መጣ።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር 3ኛ አንቀጽ መርሆዎችን ሲዘረዝር የእያንዳንዱን አገር ሉዓላዊነትና የግዛት አንድነት ማክበርን ይጠቅሳል። በሐምሌ 1956 ዓ.ም. በካይሮ የተሰበሰቡት መሪዎች ደግሞ ነጻነት በተገኘ ጊዜ የነበሩትን ወሰኖች እንደሚያከብሩ ወሰኑ፤ ሶማሊያና ሞሮኮ አልተቀበሉትም። ኢትዮጵያ ከሶማሊያ ጋር በነበራት ክርክር ይህ መርህ ጋሻዋ ነበር። በምዕራብ በኩል ግን ሱዳን ያንኑ ጋሻ አነሣች፤ ነጻ ስትወጣ የነበረው ወሰን የግዊን መስመር ነበርና። መርህ ጋሻ ሲሆን የትኛውም ወገን ሊይዘው ይችላል። ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ1979 ዓ.ም. በቡርኪና ፋሶና በማሊ ጉዳይ ሲፈርድ ይህን ደንብ በየትም ቦታ ነጻነት ከማግኘት ጋር የሚያያዝ ጠቅላላ መርህ ብሎታል። ጠቅላላ መርህ ግን የነበረውን ወሰን አክብሩ ይላል እንጂ የነበረው ወሰን የትኛው ነው ለሚለው መልስ አይሰጥም። ውሉ ያዘዘው የጋራ ሥምረት ሳይፈጸም የቀረበት ወሰን «የነበረ» የሚባለው በምን መጠን ነው? የክርክሩ ልብ ይህ ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ በሰቲትና በጓንግ አካባቢ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ እየሰፋ ሲሄድ የቆየው ጥያቄ እውነተኛ ሰዎች ላይ ወደቀ። በትራክተር የሚታረስ ሰፊ ማሳ እንደ በሬ ማሳ አይደለም፤ ባዶ ይመስል የነበረውን ሜዳ በጥቂት ዓመት ያዳርሰዋል። ከወዲህም ከወዲያም የመጡ ገበሬዎች ተገናኙ። በየካቲት 1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የደቡብ ሱዳን የሰላም ስምምነት በዐፄ ኃይለ ሥላሴ አደራዳሪነት ሲደረስ በሁለቱ መንግሥታት መካከል መልካም አየር ነፈሰ፤ ሐምሌ 11 ቀን 1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዶክተር ምናሴ ኃይሌና የሱዳኑ ዶክተር መንሱር ኻሊድ ደብዳቤ ተለዋወጡ።

ይህን የደብዳቤ ልውውጥ በጥንቃቄ ማንበብ የሚገባው በሦስት ነገሮች ነው። በመጀመሪያ ኢትዮጵያ የ1895ቱን የግዊን ሥምረት በመሠረትነት ተቀበለች፤ ሁለተኛ፣ በአንዳንድ ቦታዎች ማስተካከያ እንዲደረግበት ተስማሙ፤ ሦስተኛ፣ ከዳግሊሽ ተራራ በስተሰሜን የአንዱ አገር ዜጎች በሌላው ውስጥ በመስፈራቸውና በማረሳቸው የተነሣውን ችግር አንድ የጋራ ልዩ ኮሚቴ አጥንቶ የወዳጅነት መፍትሔ እንዲያገኝለት፣ እስከዚያም ያለው ሁኔታ እንዳለ እንዲቆይ ተባለ። አንዱ ሰነድ መርህን በሦስት ትርጉም ይዟል። ለሱዳን መሠረቱ ተቀመጠ፣ ቀሪው የአፈጻጸም ጉዳይ ነው። ለኢትዮጵያ ዋናው ሐሳብ ተቀበልን እንጂ ማስተካከያውና የገበሬዎቹ ጉዳይ ሳያልቅ ነገሩ አላለቀም። ለገበሬው ደግሞ ብቸኛው የሚያውቀው ነገር «ባለበት ይቆይ» የሚለው ነው፤ እርሱም ጊዜያዊ ትእዛዝ ሆኖ ሳለ በዓመታት ብዛት እንደ መርህ ተቈጠረ። ከሁለት ዓመት በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወደቀ፤ የኮሚቴው ሥራ ሳይፈጸም ቀረ። ጊዜያዊው ነገር የተፈራረሙትን ሰዎች ሥልጣን ዘመን ሁሉ አልፎ ኖረ።

«በመርህ ደረጃ» የሚለው ሐረግ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በዚሁ መስመር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሦስት አገሮች በሚገናኙበት በኡም ሐጀር ማዶ፣ በሌላ ጉዳይ ታይቷል። የኢትዮጵያና የኤርትራ የወሰን ኮሚሽን በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. የመጨረሻና አስገዳጅ ውሳኔውን ሰጠ። ኅዳር 16 ቀን 1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባለ አምስት ነጥብ የሰላም ሐሳቡን ሲያቀርብ ውሳኔውን «በመርህ ደረጃ» እንደሚቀበል አስታወቀ። ኤርትራ ይህ ሐረግ ቅድመ ሁኔታ ነው በማለት አልተቀበለችውም። ሁለት ቃላት ነበሩ፤ በመካከላቸው ግን ዐሥራ ሦስት ዓመት አለፈ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እንደሚቀበል ሲገልጽ ዜናውን ዜና ያደረገው አዲስ መስመር መሰመሩ አልነበረም፤ «ሙሉ በሙሉ» የሚለው የ«በመርህ ደረጃን» ቦታ መተካቱ ነበር።

መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. በካርቱም ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን ስለ ሕዳሴው ግድብ የተፈራረሙት ሰነድ ደግሞ ስሙ ራሱ የመርሆዎች መግለጫ ነው። ዐሥር መርሆዎች ተዘርዝረዋል፤ ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀምና ጉልህ ጉዳት አለማድረስ ይገኙባቸዋል። እዚህ መርህ ማለት እርስ በርስ የሚመዛዘን ሚዛን ነው እንጂ ለዝርዝር የተላለፈ ስምምነት አይደለም። ሆኖም ግድቡ በሚሞላበት ጊዜ የተነሣው ክርክር ከሞላ ጎደል ይኸው ነበር፤ መርሁ ራሱ ይበቃል ወይስ ሌላ ዝርዝር ውል ያስፈልጋል? የሽንፋ ውኃ ከግድቡ በታች ሱዳን ውስጥ ከዓባይ ስለሚገናኝ በዚያ ክርክር ስሙ አልተነሣም፤ ክርክሩን ግን የሽንፋ ሰው ከወሰኑ ነገር ያውቀዋል።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ኢትዮጵያ በሰሜን በጦርነት ላይ ሳለች፣ የሱዳን ጦር ከመተማ በስተሰሜን ወዳለው ፈሸጋ ገብቶ ኢትዮጵያውያን ሲያርሱት የነበረውን መሬት ያዘ። ካርቱም ወሰኑ በ1894ቱ ውልና በግዊን ሥምረት የተወሰነ ነው፣ የቀረው ምልክቶችን ማብዛት ብቻ ነው አለች። አዲስ አበባ ሱዳን በ1964ቱ የደብዳቤ ልውውጥ የተደነገገውን «ባለበት ይቆይ» አፍርሳለች፣ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ተመልሶ ድርድሩ ይቀጥል አለች። ሁለቱም የጠቀሱት ሰነድ አንድ ነው። አንደኛው መሠረቱን፣ ሁለተኛው የቀረውን አነበበ። እንደ ሰነዱ ቃል ከሆነ ግን ሦስተኛው ክፍል ለብቻው የተጻፈው በመስመሩ ላይ ያለው መግባባት በገበሬዎቹ ጉዳይ ላይ ካለው መግባባት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። መሠረቱን ብቻ ነጥሎ ማንበብ ለአንባቢው ይመቸው ይሆናል፤ ጸሓፊዎቹ ግን እንዲህ አላሰሩትም። የቀረውን ብቻ ነጥሎ ማንበብም የተቀበሉትን መሠረት ዝም ብሎ ማለፍ ይሆናል።

በሀገር ውስጥ ሕግም በኩል ነገሩ አልቀለለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ2ኛው አንቀጽ የኢትዮጵያ ወሰን በዓለም አቀፍ ስምምነቶች መሠረት የተወሰነው እንደሆነ ይናገራል፤ በ86ኛው አንቀጽ የውጭ ግንኙነት መርሆዎችን ይዘረዝራል። ስለዚህ ከሽንፋ እስከ መተማ፣ ከመተማ እስከ ሑመራ ያለ አንድ ባለ ይዞታ መብቱ የሚዘልቅበትን ርቀት ለማወቅ ሕገ መንግሥቱ ወደ ውሉ ይልከዋል፣ ውሉ ወደ ጋራ ኮሚሽን፣ የጋራ ኮሚሽኑ ያልነበረበት ሥምረት ወደ 1964ቱ ደብዳቤ፣ ደብዳቤው ወደ ኮሚቴ። በአማራ ክልል ለገበሬ የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የማሳውን አዋሳኞች በአራቱም አቅጣጫ ይጠይቃል። በምሥራቅ፣ በሰሜንና በደቡብ የጎረቤት ስም ይጻፋል። በምዕራብ በኩል ለመጨረሻው ማሳ የሚጻፈው ነገር የ1964ቱ ኮሚቴ ሳይጨርስ በተወው ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለ ነው።